የባሕሯ እናት ቂም፦ ኢኑይቶች ስለ ባሕር የሚከራከሩት ለምንድን ነው?

የሰሜን ዋልታ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር አንድ የኢኑይት አፈ ታሪክ አብሮ ይነሣል፤ የባሕሯ እናት የሴድና ታሪክ። በ2003 ከኔፕቱን ማዶ የተገኘች አንዲት ትንሽ ዓለም እንኳ በስሟ ተጠርታለች። አብዛኛውን ጊዜ ግን የምትቀርበው ተፈጥሮን የምትጠብቅ ደግ አምላክ ተደርጋ ነው። ታሪኩን ከምንጩ ላየ ሰው ሴድና ደግ አይደለችም። በገዛ አባቷ እጅ ተበድላ ባሕር የገባች፣ የባሕሩን እንስሳ ሁሉ ቤቷ ሰብስባ መልቀቅና መከልከል የምትችል ቂመኛ ሴት ናት። ኢኑይቶች ዛሬ ከመንግሥታት፣ ከማዕድን ኩባንያዎችና ከአውሮፓ ኅብረት ጋር የገቡበት ሙግት ለውጭ ሰው ግራ የሚሆነው በአብዛኛው ይህ ቂም ስለሚዘለል ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ኢኑይቶች ከሩሲያዋ ቹኮትካ ጫፍ ተነሥተው አላስካን፣ ሰሜን ካናዳንና ግሪንላንድን ይዘው የሚኖሩ ወደ 180,000 የሚጠጉ ሰዎች ናቸው። ታሪኩም እንደ አገሩ ይለያያል። «ሴድና» የሚለውን ስም ዓለም ያወቀው የሕዝቦችን ባህል ያጠና የነበረው ፍራንዝ ቦአስ በ1880ዎቹ በሰሜን ካናዳዋ ባፊን ደሴት፣ በኩምበርላንድ ሳውንድ ሰምቶ በ1888 ካሳተመው በኋላ ነው። ኢግሉሊክ አካባቢ ታካናሉክ ትባላለች፤ ኔትሲሊኮች በሚባሉት የካናዳ ኢኑይቶች ዘንድ ኑሊያዩክ፣ በምዕራብ ግሪንላንድ ሳሱማ አርና። በሰሜን አላስካ ኢኑፒያቶች ዘንድ ደግሞ ይህች ሴት እምብዛም አትነሣም፤ እዚያ ሥርዓቱ ሁሉ የሚዞረው በዓሣ ነባሪው ዙሪያ ነው።

በባፊን ደሴት የሚነገረው እንዲህ ነው። አንዲት ልጅ የመጣላትን ባል ሁሉ እምቢ ትላለች። በመጨረሻ ሰው መስሎ የመጣ የባሕር ወፍ ያማልላትና በጀልባ ይዟት ይሄዳል። ቤቱ ስትደርስ ድንኳኑ የዓሣ ቆዳ ነው፤ ነፋሱ በየቀዳዳው ይገባል፤ ምግቡም ጥሬ ዓሣ ብቻ ነው። አባቷ ሊጠይቃት መጥቶ ይህን ሲያይ ወፉን ገድሎ ልጁን በጀልባው ይጭናል። የሟቹ ወገኖች ማዕበል ሲያስነሡ ግን አባት ለነፍሱ ይሰጋና ልጁን ወደ ባሕር ይጥላታል። የጀልባውን ጠርዝ ሙጥኝ ስትል ጣቶቿን በየአንጓው ይቆርጣል። አንዱ አንጓ አቆስጣ (ሲል የሚባለው የባሕር እንስሳ)፣ ሌላው ባለ ጺሙ ትልቁ አቆስጣ፣ ሌላው ዋልረስ (ሁለት ረጅም ጥርስ ያለው የባሕር እንስሳ) ወይም ዓሣ ነባሪ ሆነ፤ የትኛው አንጓ የትኛውን እንስሳ እንደወለደ ተራኪዎቹ አይስማሙም። ልጅቱ ወደ ባሕሩ ወለል ሰጥማ የእንስሳቱ ሁሉ ባለቤት ሆነች።

የኔትሲሊኮቹ ታሪክ ይበልጥ ይከብዳል። እዚያ ልጅቱ አስታዋሽ የሌላት የሙት ልጅ ናት፤ አባትም የለበትም። የመንደሩ ሰው ካያኮቹን (በቆዳ የተለበጡ ጠባብ ጀልባዎቹን) አንድ ላይ አስሮ የባሕር ወሽመጥ ሲሻገር እሷ ልትሳፈር ትዘላለች፤ ገፍትረው ይጥሏታል፤ ስትንጠለጠልም ጣቷን ይቆርጡታል። በዚህኛው አተራረክ በዳዩ አንድ ክፉ አባት መሆኑ ቀርቶ መንደሩ በሙሉ ይሆናል። የዛሬው አዳኝ የሚበላው ሥጋም የዚያ በደል ውጤት ነው። በእኔ አስተያየት የታሪኩ ዋና ነጥብ ይህ ነው፤ እንስሳው የሚመጣው ከተበደለ ሰው ስለሆነ አዳኙ ባለ ዕዳ ሆኖ ነው የሚያድነው።

ዕዳው የሚከፈለው በእርም ነበር፤ ማለትም ምን ከምን እንደማይቀላቀል በሚወስኑ ክልከላዎች። ትልቁ መስመር በየብስና በባሕር መካከል ነው። በኢግሉሊክ የካሪቡ (የሰሜን አጋዘን) ሥጋና የዋልረስ ሥጋ በአንድ ቀን አይበላም። በኔትሲሊኮች ዘንድ የካሪቡ ቆዳ ስፌት ሰዎቹ ለክረምቱ የአቆስጣ አደን ወደ ባሕሩ በረዶ ከመውጣታቸው በፊት ማለቅ ነበረበት፤ በረዶው ላይ ከወጡ በኋላ መርፌ አይነሣም። አንዳንዶች ይህን ሲያብራሩ «ልብሱ ከጨለማው ወራት በፊት እንዲደርስ የተበጀ ብልሃት ነው» ይላሉ። ጥቅሙ እውነት ነው፤ ግን ሁሉንም እርም በጥቅም መተርጐም ያስታል፤ ለብዙዎቹ ምንም ዓይነት ተግባራዊ ምክንያት አይገኝላቸውም። ሰዎቹ ራሳቸው የሚሰጡት መልስ አጭር ነው፦ እሷ ትቆጣለች።

የተገደለው አቆስጣም እንደ እንግዳ ይስተናገዳል። በጨው ውኃ ውስጥ ስለሚኖር ሁልጊዜ እንደሚጠማ ይታመናል፤ ስለዚህ አዳኙ ከበረዶ የቀለጠ ጨው አልባ ውኃ አፉ ላይ ያንጠባጥብለታል። ነፍሱ ረክታ ከተመለሰች ለሌሎቹ ታወራለች፤ እንስሳውም እንደገና ሥጋ ለብሶ ለዚያው አዳኝ ራሱን ይሰጣል። ሥጋውም ለአዳኙ ብቻ አይቀርም። አማርኛ ተናጋሪ ዶሮን 12 ብልት እንደሚያወጣው፣ ኔትሲሊኮችም በመተንፈሻ ቀዳዳ (አየር ለመሳብ በረዶው ውስጥ በሚከፍተው ቀዳዳ) የታደነን አቆስጣ እስከ 14 ብልት ያወጡት ነበር፤ ልዩነቱ እያንዳንዱ ብልት የታወቀ ባለ ድርሻ ያለው መሆኑ ነው። ድርሻው ከልጅነት ጀምሮ ስለሚወሰን በረዶው ላይ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ባዶ እጁን የተመለሰም ሰው ይበላል።

ይህ ሁሉ ሲጣስ ምን ይሆናል? እንስሳው ይጠፋል። የመተንፈሻ ቀዳዳው ባዶ ይሆናል፤ ማዕበሉ አያባራም፤ ረኃብ ይገባል። ያን ጊዜ የሚጠራው አንጋኩክ ነው፤ ከመናፍስት ጋር የሚነጋገር አዋቂ። አሳሹ ክኑድ ራስሙሰን ከ1921 እስከ 1924 በተደረገው፣ አምስተኛው የቱሌ ጉዞ በሚባለው የጥናት ጉዞ፣ በኢግሉሊክ አካባቢ የመዘገበው ሥርዓት ዝርዝሩ አስገራሚ ነው። መብራቱ ይደበዝዛል፤ የተሰበሰበው ሰው የልብሱን ማሰሪያ ሁሉ ፈትቶ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል። አንጋኩኩ ከመጋረጃ ጀርባ ረዳት መናፍስቱን ይጠራል፤ መንገዱ ሲከፈትለትም ድምፁ ከመሬት በታች እየራቀ ይሄዳል። ከባሕሩ ወለል ሲደርስ የሚንከባለሉ ሦስት ድንጋዮች መንገዱን ይዘጉበታል፤ በመካከላቸው ሾልኮ ማለፍ አለበት። በቤቷ መግቢያ ውሻ ተጋድሞ አጥንት ይቆረጥማል።

ሴትዮዋ ተቆጥታ ከሆነ ጀርባዋን ለመብራቱና በአጠገቧ ለተከማቹት እንስሳት ሰጥታ ትቀመጣለች። ጠጕሯ ተንጨብርሮ፣ ቆሽሾ ፊቷን ሸፍኖታል፤ ቆሻሻው የሰዎች ጥፋት ነው። ጣት ስለሌላት ራሷ ልታበጥረው አትችልም። አዋቂው ትከሻዋን ይዞ ፊቷን ወደ መብራቱ ያዞርና ጠጕሯን እያለሰለሰ ይማጸናታል። እሷም የተጣሰውን እርም ትነግረውና እንስሳቱን ትለቃለች። ሲመለስ ግን ሥራው ገና ግማሽ ነው። በቤቱ ያለው ሰው ሁሉ የደበቀውን ጥፋት በአደባባይ መናዘዝ አለበት፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው ይከተላል፤ ጥፋቱ ሲታወቅ ደስታ ይሆናል፤ ምክንያቱም የታወቀ ጥፋት መንገድ አይዘጋም።

እዚህ ላይ የውበቱን ያህል ጭካኔውንም ማየት ያስፈልጋል። በእነዚህ ኑዛዜዎች ተደጋግሞ የሚመጣው ጥፋት ሴቶች የደበቁት የፅንስ መጨናገፍ ነው። ፅንስ የጨነገፈባት ሴት ቤት ውስጥ ያለውን ቆዳና ንብረት እንደ ርኩስ እንድታስጥል፣ በምግብም ለረጅም ጊዜ እንድትገደብ ይጠበቅ ስለነበር ብትደብቀው አይገርምም። አደኑ ሲከሽፍ ዕዳው በአብዛኛው የሚወድቀው በእሷ ላይ ነበር። ይህን የተሸከመ ሥርዓት «የጥንት የአካባቢ ጥበቃ ሳይንስ» ብሎ ማሞገስ እውነቱን ይሸፍናል።

ሌላም የማይገጥም ነገር አለ። እንስሳው በክብር ከተያዘ ተመልሶ የሚወለድ ከሆነ ቁጥሩን የሚወስነው የሰው ጠባይ እንጂ የታደነው ብዛት አይደለም። ራሱን የሰጠን እንስሳ እምቢ ማለትም ስድብ ነው። ኮታ፣ ማለትም መንግሥታት ለአደን የሚያስቀምጡት የቁጥር ገደብ፣ ግን በተቃራኒው ይሠራል፤ ከዚህ ቁጥር በኋላ የሚመጣውን ተው ይላል። የዛሬው አለመግባባት ግማሹ ከዚህ ይነሣል።

ክርስትና በ1894 የአንግሊካን ሚሲዮን በኩምበርላንድ ሳውንድ ብላክሊድ ደሴት ከተከፈተ በኋላ በፍጥነት ተስፋፋ። በሰሜን ባፊንና በኢግሉሊክ ሰዎች አዲሱን እምነት የተቀበሉት ሲቂቲቅ በሚባል ሥርዓት ነበር፤ ቀድሞ እርም የነበረውን የእንስሳ ብልት፣ ለምሳሌ ልብን፣ ተሰብስበው በአንድነት በመብላት። የአሮጌው ሕግ ማክተሚያ ራሱ በባሕር እንስሳ ሥጋ መፈጸሙ ልብ ይባላል። ዛሬ አብዛኛው ኢኑይት ክርስቲያን ነው፤ ወደ ሴድና የሚወርድ አንጋኩክም የለም። ያልጠፋው እንስሳን ማላገጥ፣ ማሠቃየትና ሥጋ መጣል መዘዝ አለው የሚለው እምነት ነው። በ1999 የተመሠረተው የኑናቩት ግዛት ይህን በመንግሥት መርሆዎቹ ውስጥ አስገብቶታል፤ አቫቲቲኒክ ካማቲያርኒክ፣ ማለትም ምድርን፣ እንስሳትንና አካባቢን ማክበርና መንከባከብ፣ በ2003 በወጣው የዱር እንስሳት ሕግ ከተካተቱት አንዱ ነው።

የሁለቱ አስተሳሰቦች ትልቁ ግጭት የታየው አላስካ ውስጥ ነው። ከ1848 ጀምሮ የአሜሪካ ዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከቦች በቤሪንግ ወሽመጥ በኩል ገብተው ቦውሄድ የተባለውን ዓሣ ነባሪ ለዘይቱና ለሴቶች ልብስ ማጠንከሪያ ለሚውለው ጢሙ (አፉ ውስጥ ላለው ማጥለያ) ሲሉ ሊጨርሱት ደርሰው ነበር። ፋሽኑ ሲያልፍ መርከቦቹ ሄዱ፤ ኢኑፒያቶች ማደናቸውን ቀጠሉ። በ1977 ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን የቀረው ጥቂት መቶ፣ ቢበዛ ከ2,000 የማይበልጥ ነው በሚል ግምት የእነሱንም አደን አገደ። ኢኑፒያቶች በዚያው ዓመት የራሳቸውን የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን አቋቋሙና ተከራከሩ፤ ለ1978 የተፈቀደላቸው 12 ተይዞ ወይም 18 ተመትቶ፣ የቀደመው ሲሞላ የሚቆም አደን ነበር።

አዳኞቹ ቆጠራው ስሕተት እንዳለበት በዝርዝር አስረዱ። ቆጣሪዎቹ በጸደይ ወቅት በረዶው ጠርዝ ላይ ቆመው በተከፈተው የውኃ መስመር የሚያልፈውን ብቻ ይቆጥራሉ፤ እንስሳው ግን በረዶ አይፈራም፤ ከጠርዙ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ በበረዶው ሥር ይጓዛል፤ መተንፈስ ሲፈልግ ጀርባውን አጉብጦ ከታች ይሰብረዋል። መስመሩ ሲዘጋም ጉዞው አይቆምም፤ የሚቆመው ቆጠራው ነው። ሳይንቲስቶቹ ይህን በቁም ነገር ይዘው በረዶው ሥር የድምፅ መቅረጫ ማውረድና ከአውሮፕላን ማየት ጀመሩ፤ የአዳኞቹ ቃል እውነት ሆኖ ተገኘ። በ2001 ግምቱ ከ10,000 አለፈ፤ በ2011 ወደ 17,000 ተጠጋ። በእርግጥ እንስሳው በእነዚያ ዓመታት ተራብቷል፤ ይሁንና የመጀመሪያው ቁጥር ያነሰው ዋናው ምክንያት ማን እንደሚያውቅ ባለመጠየቁ ነው። አፈ ታሪኩ ሳይንስ ሆኖ አላሸነፈም። እንስሳው ይሰማል፣ ይታዘባል ብሎ የሚያምን ሰው በበረዶ ላይ ድምፁን ቀንሶ ለሳምንታት ይጠብቃል፣ ያያል፣ ያዳምጣል፤ ያሸነፈው ያ የማየት ልማድ ነው።

ዓሣ ነባሪው እንዲመጣ መጀመሪያ ማረፊያው ይጸዳለታል። ሲግሉአክ የሚባለው በማይቀልጠው አፈር ውስጥ የተቆፈረ የሥጋ ጓዳ ከአደኑ በፊት ያረጀ ሥጋው ወጥቶ፣ ተጠርጎ ይታደሳል፤ ቆሻሻ ጓዳ ያለው ቤት ዓሣ ነባሪ አይጎበኘውም ይባላል። አሁን ከጓዳዎቹ አንዳንዶቹ ውኃ ይገባባቸዋል፤ ሥጋው ይበላሻል፤ ሽታው ይለወጣል። ሙቀቱ አንዱ ምክንያት ሲሆን፣ በአቅራቢያ የሚሠራ ቤትና መንገድ፣ የአፈሩ ዓይነትና የውኃ መፍሰሻው አቅጣጫም አስተዋጽኦ አላቸው። አርክቲክ ከ1979 ወዲህ ከዓለም አማካይ አራት እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት እየሞቀ ነው።

የአቆስጣው ሙግት ደግሞ ሌላ መልክ አለው። በ1983 የአውሮፓ ማኅበረሰብ የነጭ ጠጕር ግልገሎችን ቆዳ ከገበያ ሲያግድ ዒላማው በካናዳ ምሥራቅ ጠረፍ ያለው የንግድ አደን ነበር። ኢኑይቶች የሚያድኑት በአብዛኛው ባለ ቀለበቱን አዋቂ አቆስጣ ስለሆነ እገዳው በቀጥታ አልነካቸውም። ገዢው ግን አይለይም፤ የቆዳ ገበያው በሙሉ ወደቀ። ቆዳው ከሥጋው የተረፈ ነገር ነበር፤ ሥጋው ይበላል፣ ቆዳው ተሸጦ ቤንዚንና ጥይት ይገዛል፣ በቤንዚኑ እንደገና ይታደናል። አንዱ ሰንሰለት ሲበጠስ ሥጋውም ከማዕድ ቀነሰ። የ2009ኙ የአውሮፓ ኅብረት ደንብ የአቆስጣ ምርትን በጠቅላላ ሲያግድ ለኢኑይቶች ልዩ ፈቃድ አስቀመጠ፤ ምርቱ ዕውቅና ካለው አካል የምስክር ወረቀት ይዞ ሊገባ ይችላል። ኑናቩት ያንን ዕውቅና ያገኘው በ2015 ነው፤ ከስድስት ዓመት በኋላ። በወረቀት ላይ በሩ ክፍት ነው፤ ነገር ግን ገበያ የፈረሰበት ሸቀጥ በምስክር ወረቀት አይነሣም። በአሜሪካ በኩልም የ1972 የባሕር አጥቢዎች ሕግ የካናዳ ኢኑይት ምርት እንዳይገባ ያግዳል። እንስሳውን በክብር ሙሉ በሙሉ መጠቀም ግዴታ ነው ብሎ ለሚያምን ሕዝብ፣ ቆዳ መጣል ውርደት ነው፤ እንዲጥል ያስገደደው ደግሞ በእንስሳ ፍቅር ስም የወጣ ሕግ መሆኑ ምሬቱን ያባብሰዋል። በዚህ ጉዳይ ኢኑይቶቹ ትክክል ይመስሉኛል።

ከሁሉ አዲሱ ጠብ የድምፅ ነው። ባፊን ደሴት ላይ ያለችው ካንጊክቱጋፒክ፣ በእንግሊዝኛ ስሟ ክላይድ ሪቨር፣ በባሕሩ ወለል ነዳጅ ለመፈለግ የሚደረገውን የአምስት ዓመት የድምፅ ሞገድ ቅኝት ተቃውማ እስከ ካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደች፤ ሐምሌ 2017 ረታች። በፍርዱ ላይ የሰፈረ አንድ ዝርዝር ሁሉን ይናገራል፦ ነዋሪዎቹ ቅኝቱ በባሕር አጥቢዎች ላይ ምን ጉዳት ያደርሳል ብለው ሲጠይቁ ኩባንያዎቹ 3,926 ገጽ ሰነድ አቀረቡ። አብዛኛው ወደ ቋንቋቸው ወደ ኢኑክቲቱት አልተተረጐመም፤ በመንደሩ የኢንተርኔት ፍጥነትም ሊወርድ የሚችል አልነበረም።

በሰሜን ባፊን የሜሪ ሪቨር የብረት ማዕድን ከ2015 ጀምሮ በሚልን ኢንሌት ወደብ በመርከብ ይጭናል። ኩባንያው ዓመታዊ ጭነቱን ከ6 ወደ 12 ሚሊዮን ቶን ለማሳደግ፣ 110 ኪሎ ሜትር የሚሆን የባቡር ሐዲድም ለመዘርጋት አመለከተ። በዚያው ውኃ ናርዋል፣ ባለ ረጅም ቀንዱ ዓሣ ነባሪ፣ በጋውን ያሳልፋል፤ በኤክሊፕስ ሳውንድ የተቆጠረው በ2013 ከ10,000 በላይ የነበረ ሲሆን በ2021 ከ3,000 በታች ወረደ። ሞቱ ማለት አይደለም፤ ወደ ጎረቤት ወሽመጥ የሄዱ እንደሚኖሩ ይገመታል። በዚያው ዳርቻ ላለችው ለፖንድ ኢንሌት መንደር አዳኝ ግን የሄደ እንስሳ የሌለ እንስሳ ነው። አዳኞች በየካቲት 2021 የማዕድኑን መንገድና የአውሮፕላን ማረፊያ ዘጉ፤ በኅዳር 2022 የካናዳ መንግሥት የማስፋፊያ ዕቅዱን ሳይፈቅድ ቀረ።

ናርዋል ለድምፅ ያለው ንቃት ለአዳኙ አዲስ ወሬ አይደለም። ካያክ ላይ ቀዘፋ ከውኃ ሲወጣ የሚያንጠባጥበውን ድምፅ እንኳ የሚቀንስ ሰው፣ የጭነት መርከብ ከአድማስ ሳይታይ እንስሳው ሲሸሽ አይደነቅም። ኢኑይቶች የሚጠይቁትም በአብዛኛው ተጨባጭ ነው፦ መርከቦች ፍጥነት ይቀንሱ፣ ለየብቻ ከመበታተን በአንድነት ይለፉ፣ በረዶው ገና ሳይከፈትና እናቶች ከግልገል ጋር ሲያልፉ አይግቡ፣ ጥቁሩ ከባድ ነዳጅም ይቅር። የመጨረሻው በዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት በኩል ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በአርክቲክ ተከልክሏል፤ ነገር ግን ጠረፍ ያላቸው አገሮች በራሳቸው ባንዲራ ለሚሄዱ መርከቦች እስከ ሐምሌ 2029 ነፃ መብት መስጠት ይችላሉ።

በዚሁ አካባቢ ያለው ታሉሩቲዩፕ ኢማንጋ፣ ወደ 108,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋው የባሕር ጥበቃ ክልል፣ ስምምነቱ በ2019 ሲፈረም አደኑን አልከለከለም። የጥበቃው ሠራተኞች ከየመንደሩ የተቀጠሩ ኢኑይቶች ናቸው። በረዶውን ይለካሉ፣ መርከብ ይመዘግባሉ፣ የእንስሳውን ጤና ያያሉ፤ እግረ መንገዳቸውንም ያድናሉ፤ ያደኑትም ሥጋ ለመንደሩ ሰው ይከፋፈላል።